መሬቱ በረዶ ሳለ

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

የወንድሜ የአርማን አሮጌ ተጎታች ቤት ዛሬ ተነሳ። ጠዋት ጎታቹ መኪና መጣ። ከሥሩ ያለውን ብሎኬት አንድ በአንድ አወጡ፣ ጎማ አሰሩለት፣ ጎትተው ወሰዱት። ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል የኖረበት ቤት መንገዱ ላይ እየተወዛወዘ ሲሄድ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ቀብር መሰለህ እንዴ?" አልኩት።

"ራሴን ልከክ ነው" አለኝ። አላከከም።

አስነሳው ያልኩት እኔ ነኝ። መሬቱ በረዶ ሳለ ካላወጣኸው ጭቃው ሲመጣ እስከ ወገቡ ይሰምጣል እያልኩ ከገና ጀምሮ ስነዘንዘው ነው የከረምኩት። እውነቴን ነው። እዚህ አገር ከባድ ነገር የሚጓጓዘው መሬት ሲጠጥር ነው፤ አባታችንም ግንድ የሚያወጣው በዚህ ወር ነበር። ቤቱ እንደሆነ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ በስብሷል። ፋብሪካ የሚሠራለት አዲሱ ቤት በማርች መጀመሪያ ይደርሳል ተብሏል። "ፈቃዱስ?" ሲለኝ፣ ሲመጣ ይደርሳል፣ እኔ እይዘዋለሁ አልኩት። በዚህ ከተማ ሁሉም ፈቃድ የሚያወጣው ዕቃው ከመጣ በኋላ ነው። የከተማውን የቤትና የመሬት ጉዳይ የሚያየው የፕላን ቦርድ አባልና ፀሐፊ ደግሞ እኔው ነኝ።

እስከዚያው እኔ ጋ ይቆያል። የስፌት ክፍሌን ለሱና ለውሻው ለቀቅሁላቸው።

ከወጥ ቤቴ አሁን ሐይቁ ይታያል። አባታችን መሬቱን ሲያካፍለን ቤቱን ለኔ፣ በሐይቁ በኩል ያለውን ቁራሽ ለአርማን ሰጠ። አርማን ያን ተጎታች ቤት አምጥቶ ካቆመ ወዲህ የሚታየኝ ሰማያዊ ቆርቆሮና የሱ የውስጥ ሱሪ የተሰጣበት ገመድ ነበር። ዛሬ ዕቃ ሳጥብ ሁለት ጊዜ ቆሜ አየሁ።

ፌብሩዋሪ 13

ያንኮራፋል። ውሻውም ያንኮራፋል። የጥርስ ሳሙናዬን ከመሀሉ ይጨምቀዋል። ቅቤውን ሳይከድን ይተወዋል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ዕቃዬ ባስቀመጥኩበት ሲገኝ ለምዶብኝ ነበር።

እራት ላይ፣ አባታችን ከሐይቁ በረዶ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ጫማው ተጣብቆበት በካልሲ ወደ ቤት የመጣበትን ቀን አወራ። መቶ ጊዜ የሰማሁት ወሬ ነው። ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ ሾርባው በአፍንጫዬ ሊወጣ ነበር።

ቶሎ ይምጣለት ቤቱ።

ፌብሩዋሪ 19፣ ረቡዕ

የቦርድ ስብሰባ። አምስታችንም ነበርን። ከወዲያኛው ዓመት ጀምሮ ሲንከባለል የመጣው የቦታ አጠቃቀም ደንብ ማሻሻያ ዛሬ ለድምፅ ቀረበ። ካሁን በኋላ ከፋብሪካ ተጎትቶ የሚመጣ ቤት፣ አውራ ጎዳናው ዳር ካለው የተጎታች ቤቶች ግቢ በስተቀር፣ በከተማው ውስጥ የትም አይቆምም።

ሰብሳቢያችን ኮንስታንስ ናት። ከትልቅ ከተማ መጥታ ሐይቁ ዳር ከሰፈረች አሥር ዓመት ሆኗታል። ክፉ ሰው አይደለችም። ባሌ የታመመ ጊዜ በየሳምንቱ ሾርባ ታመጣልኝ ነበር።

"የምንቃወመው ሰዎቹን አይደለም እኮ" አለች። "መልኩን ነው።"

"መልኩ ውስጥ ነዋ ሰው የሚኖረው!" አለ ፐርሊ። ፐርሊ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ የአርማን የልጅነት ጓደኛ። "የአረጋውያኑ ቤት አስታማሚዎች የት ይግቡ? የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የሚነዳው የት ይግባ? አንቺ ጋ ጀልባ ቤት ውስጥ?"

ኮንስታንስ አልተቆጣችም። ለነባሮቹ እናስብላቸው ብላ አንድ ዐረፍተ ነገር አስጨመረች። ነባር ተጎታች ቤት ያለው ሰው፣ ማመልከቻ ሲያስገባ አሮጌው ቦታው ላይ ቆሞ ካለ፣ በአዲስ መተካት ይችላል። ዐረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ቆሞ ካለ" የሚለው ላይ እጄ ትንሽ ቆም አለ። ከዚያ ጻፍኩት።

አራት ለአንድ አለፈ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ሕዝቡ ነው፣ በማርች ዓመታዊ ስብሰባ። መቼም ይጥለዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ሁልጊዜ ይጥላል።

ፐርሊ ሰላም ሳይለኝ መኪናው ውስጥ ገባ። ብርዱ ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 25

ፋብሪካው ደወለ። ቤቱ ይዘገያል። አርማን "ይዘግይ፣ የሚሻግት ነገር አይደለም" አለ።

ስለ ደንቡ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ድንቹ አረረ። ደግሞም ለሚወድቅ ደንብ ምን ብዬ አስጨንቀዋለሁ?

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ደክሞኛል። አጭር ልጻፍ።

ዓመታዊው ስብሰባ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተደረገ። እንደ ወጉ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ቦሎቄና የአሳማ ሥጋ አቀረቡ፤ አርማን ሦስት ጊዜ አስጨመረ። ደንቡ ሲቀርብ ተነስቶ ተናገረ። በስብሰባ ላይ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

"እኔ በተጎታች ቤት ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ" አለ። "ማንንም አልነከስኩም። የበረዶ መጥረጊያው መኪና ሲበላሽ መንገዳችሁን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ሐይቅ ዳር ላላችሁት እንጨት የምፈልጥላችሁ እኔ ነኝ። ማታ ማታ ወዴት የምሄድ መስሏችሁ ነው? ወደ ጫካ?"

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከዚያ እጅ ተቆጠረ። ደንቡ በጥቂት ድምፅ አለፈ። ሲያጨበጭቡ የነበሩ እጆች ሲነሱ በዓይኔ አየሁ።

ቀደም ብሎ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሆኜ ሁለት ሴቶች እጃቸውን እየታጠቡ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር።

"ያ ሰማያዊ ሳጥን ከተነሳ ወዲህ መንገዱ እንዴት አማረ!"

"እህትየዋ ናት አሉ ያስነሳችው። ጎበዝ ናት።"

እስኪወጡ ድረስ በሬን አልከፈትኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ አርማን፣ "ለኔ ግን ችግር የለውም አይደል? ነባር ነኝ" አለኝ።

"ነባር ነህ" አልኩት።

ነባር ነው። ውሸት አልተናገርኩም።

ማርች 18

የመንገዱ በረዶ ቀለጠ። ከተማው የጭቃውን ምልክት በየመታጠፊያው ሰቀለ። ምልክቱ እስኪወርድ ከባድ መኪና አይገባም። ቤቱ አልቆ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ቆሟል። እስከ ሜይ ማንም አያመጣውም።

አርማን ባዶው ቦታ ላይ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ሲቆፍር ዋለ። ተመልሶ ሲመጣ ከጉልበቱ በታች ሰው አይመስልም። ወለሌን አሁን ነው የወለወልኩት።

ማርች 27

ጉድ ፈላ። አርማን፣ መንገዱ እስኪከፈት ፈቃዱን ልያዝ ብሎ ሳይነግረኝ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ደንቡን አነበበችለት።

ካሮት እየከተፍኩ ነበር የገባው። ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"ሉሲል፣ 'ቆሞ ካለ' ይላል። የኔ አልቆመም።"

"አዎ።"

"ያለህ ባዶ መሬት ነው አለችኝ። በባዶ መሬት ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት አይፈቀድም አለችኝ።"

ካሮቴን መክተፌን ቀጠልኩ። እሱ ቢላዋዬን ያያል። እንድናገር እየጠበቀ ነበር ወይስ ደክሞት ነው፣ አላውቅም። ካሮቱ ለሁለት ሰው ከሚበቃው በላይ ሆነ።

"አቤቱታ አስገባ" አልኩት በመጨረሻ። "ቦርዱ ልዩ ፈቃድ መስጠት ይችላል።"

"ቦርዱ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"ለወንድሜ ድምፅ አልሰጥም። ክልክል ነው።"

"እህ" አለ። ጃኬቱን አወለቀ።

ማርች 30፣ እሑድ

አቤቱታው ካልሆነ ብለን አውራ ጎዳናው ዳር ያለውን ግቢ ልናይ ሄድን። ተጎታች ቤቶቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ከአንዱ ቤት አልጋ ሆኖ የጎረቤትን ቴሌቪዥን ማየት ይቻላል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ለዚህም ወረፋ አለው። ከፊታችን ስሟን ስታስመዘግብ ያገኘናት የአረጋውያኑ ቤት አስታማሚ ናት፤ ከሁለት ልጆቿ ጋር በእናቷ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የምትተኛው።

አስተዳዳሪዋ ሕጉን ዘረዘረችልን። ትልቅ ውሻ የለም። የእንጨት ምድጃ የለም። ደጅ ላይ ግንድ መቆለል የለም።

"መተንፈስስ?" አለ አርማን።

ሴትየዋ አልሳቀችም።

መኪና ውስጥ፣ "እኔ ጋ መኖር ትችላለህ" አልኩት።

"እንግዳ ሆኜ?"

"ወንድም ሆነህ።"

"ሉ፣ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ማታ የራሴን በር ራሴ ዘግቼ መተኛት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እንደሚያንኮራፋ፣ ውሻው ምንጣፌን እንደጨረሰው፣ ቤቱ እንደጠበበኝ ልነግረው ይገባ ነበር። ለምን እንደከፋኝ አላውቅም።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

አቤቱታው ተሰማ። እህቱ ስለሆንኩ ከድምፅ ተገለልኩ። ከቃለ ጉባኤው ግን አልተገለልኩም፤ ሌላ የሚጽፍ ሰው የለም። ስለዚህ የወንድሜን ጉዳይ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስጽፍ አመሸሁ።

አርማን ለባሌ ቀብር የገዛውን ኮት ለብሶ መጣ። ኮንስታንስ በአክብሮት ነው የጠየቀችው።

"ሚስተር ፑሊን፣ ችግሩን የፈጠረው ባለቤቱ ራሱ ከሆነ ልዩ ፈቃድ ልንሰጥ አንችልም። የከተማው ሹም ወይም የቦርድ አባል አሳስቶዎት ከሆነ ግን ጥፋቱ የከተማው ነው፤ ያኔ እንችላለን። አሮጌውን ቤት ያለ ፈቃድ እንዲያስነሱ የመከረዎት ሰው ነበር?"

ብዕሬን ያዝኩ።

"ማንም" አለ አርማን። "መሬቱ ጠጥሮ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ግንድ ስጎትት ነው የኖርኩት፤ ይኼን ለኔ ማን ይነግረኛል?"

"ከቦርዱ ሰው ማንንም አላማከሩም?"

"እኔ የማማክረው ውሻዬን ነው።"

ፐርሊ ወደኔ አየ። ኮንስታንስ ወደ ወረቀቷ። እኔ ጻፍኩ፦ ሚስተር ፑሊን ማንም እንዳልመከራቸው ገለጹ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነበር፤ አሁን ሳየው ያሳፍረኛል።

ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ። ምን እንደሚሆን ግን ሁሉም ያውቃል።

ስንመለስ ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረና "ደህና እደሪ" ብሎኝ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባ።

ኤፕሪል 11

ነዳጅ ማደያው ጋ ፐርሊ አገኘኝ።

"አርማን ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ብርድ ነበር።"

"አዳራሹ ውስጥ?" አለ። "እኔ አንድ ድምፅ ነኝ ሉሲል። አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል?"

ለውዝ ገዛሁ። ለውዝ አልወድም።

ኤፕሪል 12

ቢናገር ኖሮ ይሰጠው ነበር። በራሱ አፍ ነው የዘጋው። እኔ ምን አደረግሁ? ማን ዋሽ አለው? ትልቅ ሰው ነው። ደግሞም የመከርኩት ለደጉ ነው፤ ቤቱ ሊሰምጥ ይችል ነበር። ማንም ሰው እንደዚያ ይመክራል።

ከላይ ያለውን አነበብኩት። ራሴን ጠላሁት።

ኤፕሪል 17

ከጠዋት ጀምሮ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። ገና የበረዶው ወቅት ሳያልቅ ለሚመጣው እየፈለጠልኝ ነው። ከግድግዳው አስጠግቶ እስከ ጣሪያው ክፈፍ ደረደረው።

"ይኼን ሁሉ ማን አዘዘህ?"

"እዚያ ግቢ ከገባሁ መኪናዬ በበረዶ ሁልጊዜ አትደርስልሽም። በርዶሽ እንዳትሞቺ ነው።"

ወገቡን ይዞ ነው ቀና የሚለው። ገብቼ የቃለ ጉባኤውን ንጹሕ ቅጂ አተምኩ፣ ለአባላቱ ላክሁ። ከዚያ ሾርባ ሠራሁ። ከዚያ አልጋዬ ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ተጋደምኩ።

ኤፕሪል 23፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ስብሰባ በተከፈተ ቁጥር ኮንስታንስ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አንስታ "እርማት ያለው?" ትላለች። እርማት ያቀረበ ሰው ኖሮ አያውቅም። ጥያቄውን ሳትጨርስ ፐርሊ "ይጽደቅ" ይላል፣ ወደ ሥራ እንገባለን። ዛሬም "ይጽደቅ" አለ። እጄን አወጣሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ዝምታው ነበር ያደከመኝ።

"የፊደል ነው፣ ሉሲል?" አለች ኮንስታንስ።

"አይደለም። ገጽ ሁለት ላይ 'ሚስተር ፑሊን ማንም እንዳልመከራቸው ገለጹ' ይላል። የተናገሩት እሱን ነው። እውነቱ ግን እሱ አይደለም። አሮጌውን አስነሳው ያልኩት እኔ ነኝ። ፈቃዱ ይደርሳል፣ እኔ እይዘዋለሁ ያልኩትም እኔ ነኝ። ያን ስለው የደንቡ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንብቤዋለሁ።"

"ውሸቷን ነው!" አለ አርማን ከኋላ ወንበር።

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ኮንስታንስ መነጽሯን አወለቀች።

"ይህን ስትነግሪው የቦርዱ አባል ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"እሱስ ይህን ያውቅ ነበር?"

"እህቱ እኮ ነኝ፣ ኮንስታንስ።"

ተቆጥታኝ እንደሆነ አላውቅም። አዝናም ሊሆን ይችላል። "እንግዲያው ጥፋቱ የከተማው ነው" አለች። በራሷ ደንብ ላይ፣ አርማንን ደግፋ፣ እጇን ቀድማ ያወጣችው እሷ ናት። ሦስት ለአንድ ተፈቀደ። አርማን አዲሱን ቤት በራሱ መሬት ላይ ማቆም ይችላል።

ከዚያ ከቦርዱ መልቀቄን ተናገርኩ። "መልቀቁንስ ልቀቂ፣ ዛሬን ማን ይጽፋል?" አለ ፐርሊ። ማንም አልነበረም። መልቀቄን ራሴው ጽፌ፣ ራሴው ፈርሜ ወጣሁ።

አርማን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወደኔ ዞረ።

"ሕዝብ ፊት ውሸታም አደረግሽኝ" አለ።

"ውሸት ነበራ።"

"ነበር። ግን የራሴ ነበር። ማን ንኪው አለሽ?"

መንገዱ ጭቃ ነው፤ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ደንቡን ደግፈሽ እጅሽን እንዳወጣሽም አውቃለሁ" አለ። "ፐርሊ በዚያው ሳምንት ነግሮኛል።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልከኝ?"

"ምን ልበልሽ? ያ ቤት አስቀያሚ ነበር። ዕውር አይደለሁም። እንደማትወጂው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።" አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። "ባልሽ ከሞተ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት መብራትሽ ሲበራ ሳላይ ሥራ ወጥቼ አላውቅም። የዘገየሽ ቀን በመኪናዬ ጥሩምባ የምቀሰቅስሽ፣ ውሻው ሮጦብኝ ነው የምልሽ፣ ለዚያ ነው። አዲሱንም እዚያው ነው የማቆመው። የፈለግሽውን ያህል ጥዪው።"

መኪናውን ዳር አስያዝኩና አለቀስኩ። አርማን ወደ ጫካው እያየ ጠበቀኝ። ስጨርስ "ልንዳልሽ?" አለኝ፤ ቁልፉን ሰጠሁትና ቦታ ተቀያየርን።